ተዋናይት በወር ስንት ታገኛለች?

አጎቴ በጥቅምት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መጥተው እኔ ቤት ሁለት ቀን አደሩ። በሁለቱም ቀን ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይቺ ልጅ አክተር ካልሆንኩ ብላለች። እንደው ለመሆኑ፣ በወር ስንት ይከፍሏታል?»

ልጅቱ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። እዚሁ ደብረ ብርሃን ተምራ፣ እዚሁ ሥራ ይዛለች። አዲስ አበባ ለአንድ ተከታታይ ድራማ ኦዲሽን ተፈትና ለሁለተኛ ዙር ተጠርታለች። እኔን የጠየቁኝ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ለዓመታት ስለሠራሁ ነው። ካስተማርኳቸው ልጆች ወደ መድረኩም ወደ ካሜራውም የሄዱ አሉ። ኑሯቸውን በቅርብ አውቃለሁ።

ግን ጥያቄው እንደተጠየቀ የሚመለስ አይደለም። በዚህ ሙያ «በወር» የሚባል ነገር ለአብዛኞቹ የለም። አንድ ሥራ ይመጣል፣ ይከፈላል፣ ያልቃል። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እንደ በልግ ነው በይኛ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሰው የማስረዳው በዚሁ ነው። የመንዝ ገበሬ ከየካቲት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። በልጉ ከጣለ ገብሱ ይደርሳል። ከቀረ ቀረ ነው። የትኛው ዓመት ደግ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል። በደጉ ዓመት ጎተራውን ይሞላል። ከጎኑ ደግሞ በግ ያረባል። የተዋናይትን ገቢ መረዳት የሚፈልግ ሰውም ዝናቡን፣ ጎተራውንና በጉን ለይቶ ማየት አለበት። አራተኛም አለ፤ መሬቱ የማን ነው የሚለው። እሱ ከሁሉም ስለሚከብድ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ገንዘቡ በየት በየት ይመጣል?

ከፊልም እንጀምር። ለሲኒማ በሚሠራ የአማርኛ ፊልም ላይ ክፍያው ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊልም ቁርጥ ዋጋ ነው። የምትዋዋለው ገንዘብ አውጥቶ ፊልሙን ከሚያሠራው ሰው፣ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ነው። ቀረጻው ሦስት ሳምንት ይፍጅ ሦስት ወር፣ ዋጋው ያው ነው። ሲፈረም ቀብድ ይሰጣል። ቀሪው በቀረጻው መሐልና በመጨረሻው ይከፈላል።

ጠቡ የሚነሳው የመጨረሻው ክፍያ ላይ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ በተዋናይቷ እጅ የሚቀር መደራደሪያ የለም። ምስሏ ተወስዷል። የቀድሞ ተማሪዬ አንዷ ቀሪ ሒሳቧን ሳታገኝ ፊልሙ ተመረቀ። ሲኒማ ቤት ገብታ ያየችው ራሷ ቲኬት ቆርጣ ነው። አሁን የመጨረሻው ሲን ከመቀረጹ በፊት ሒሳቧን ትጨርሳለች። ይህን ያስተማራት ያ ቲኬት ነው።

ዋጋዋን የሚወስነው ምንድን ነው? ችሎታ ይመስለናል፤ ችሎታም አለበት። ፕሮዲዩሰሩ ግን አስቀድሞ የሚያሰላው ፊቷ ፖስተር ላይ ሲወጣ ስንት ሰው ይገባል የሚለውን ነው። የቲኬቱን ገቢ ሲኒማ ቤቱና ፕሮዲዩሰሩ ይካፈሉታል። አዳራሽ የምትሞላ ተዋናይት ስለዚህ ዋጋዋን ራሷ መናገር ትችላለች። አዲስ የገባችው ደግሞ የተባለችውን ትቀበላለች። በአንድ ፊልም ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ምሳ በበሉ ሁለት ሴቶች መሐል ያለው የክፍያ ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ሊሆን ይችላል። «መጀመሪያ ስም ይኑርሽ» ተብላ በነጻ የሠራችም አውቃለሁ።

ተከታታይ ድራማ ከዚህ ይለያል። እዚያ የምትከፈለው በክፍል ነው፤ ወይም ቀረጻ በወጣችበት ቀን ልክ። ሲዝኑ እስካለ ድረስ ገንዘቡ ይደጋገማል። ለወር ደመወዝ የሚቀርበው ይሄ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ተዋናዮች ከአንድ ትልቅ ፊልም ይልቅ አንድ ረጅም ድራማ የሚመርጡት። ግን ዕጣዋ በደራሲው ብዕር ላይ ነው። ገጸ ባሕሪዋ ከሞተች፣ ወይም «ውጭ ሀገር ሄደች» ከተባለ፣ ገቢዋም አብሯት ይሄዳል። ስፖንሰር ከጠፋ ደግሞ ድራማው ራሱ ይቆማል።

የስፖንሰሩ ነገር እዚህ ደብረ ብርሃን ላለን ሰዎች ቅርብ ነው። ከተማችን ውስጥ ቢራ ይጠመቃል። የቢራ ፋብሪካዎች በቴሌቪዥን መዝናኛ ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሱ ነበር። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ ያ ገንዘብም አብሮ ወጣ። እኔ የአዋጁን ዓላማ እደግፋለሁ። ልጆች በዓል በመጣ ቁጥር የቢራ ዘፈን እየዘፈኑ ነበር። ነገር ግን የስፖንሰር ውሳኔ ምን ያህል ሩቅ ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። አንድ ድርጅት ማስታወቂያውን ሲያነሳ፣ ከዚያ ማዶ ስሟን ማንም የማያውቃት ረዳት ተዋናይት ሥራዋ ይቀራል።

የትያትሩ ነገር አጭር ነው። ሀገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ ትያትር ደግሞ በ1948 የተከፈቱ ቤቶች ናቸው። እነዚህን በመሰሉ የመንግሥት ትያትር ቤቶች የተቀጠረች ተዋናይት በወር ደመወዝ ትከፈላለች። ጡረታም አላት። አጎቴ «በወር» ሲሉ በትክክል የሚመለስላቸው እዚህ ብቻ ነው። ደመወዙ ግን ትንሽ ነው፣ ቅጥሩም እንደልብ አይገኝም።

ከዚያ የበጎቹ፣ ማለትም የጎን ገቢዎቹ፣ ተራ ይመጣል። ማስታወቂያ፣ የመድረክ መሪነት፣ የሬዲዮ ድራማ፣ የድምፅ ሥራ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የሀገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች ገበያችንን ይወስድብናል ብለው ተቃውመው ነበር። ስጋታቸው ይገባኛል። በሌላ በኩል ፊታቸው የማይታይ፣ ድምፃቸውን ግን ሁሉም ቤት የሚያውቀው ወጣቶች እንጀራ አገኙበት። ማስታወቂያ ደግሞ ለታወቀች ተዋናይት ከፊልሙ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የሁለት ቀን ቀረጻ የሁለት ወር ያህል ሊከፍል ይችላል። የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ሳሙና «አምባሳደር» ከሆነች ለዓመት የሚዘልቅ ውል ነው። በምትኩ ለተፎካካሪው አትሠራም፣ ውሉ እስኪያልቅም ምስሏ በእነሱ እጅ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ

አጎቴ ሒሳብ ይወዳሉ። ስለዚህ ወረቀት አውጥተን አሰላን። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የወሰድኩት ነው፤ የማንም ውል አይደለም። አንዲት ተዋናይት በ300,000 ብር ለአንድ ፊልም ፈረመች እንበል።

ሰፈሩ የሚሰማው 300,000 የሚለውን ነው። እኛ ግን በ12 ወር እናካፍለው። 25,000 ይመጣል። ቀጣዩ ሥራ ዓመት ከስድስት ወር ቢዘገይስ? በ18 ስናካፍለው በወር ወደ 16,700 ብር ይወርዳል። ይህ ከወጪና ከግብር በፊት ነው።

ወጪው ደግሞ ከውጭ አይታይም። ብዙ ፊልሞቻችን ላይ ተዋናይቷ ልብሷን ከቤቷ ይዛ ነው የምትመጣው። ሀብታም ሚስት ሆና ከተጫወተች የሀብታም ሚስት ልብስ ከየትም ብላ ታመጣለች። በአንዱ የታየችበትን ቀሚስ በሌላው መድገም አትችልም፤ ተመልካች ወዲያው ይለያል። ፀጉር አለ። ለቀረጻ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ታክሲ በኮንትራት ነው። ቤቷ ደብረ ብርሃን ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር መመላለስ ስለማይቻል አዲስ አበባ ቤት መከራየት ግድ ነው። ኪራዩ ሥራ ባለበት ወርም በሌለበትም ወር ይመጣል።

ግብሩን ጠቅለል አድርጌ ላስረዳ። ደመወዝተኛ ከሆነች ቀጣሪዋ በየወሩ ይቆርጥላታል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እያደገ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። በውል የምትሠራዋ ግን እንደ ነጋዴ ነው የምትታየው። ከፋዩ ከክፍያው ላይ ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን ቅድመ ግብር ይቀንሳል። 2 በመቶ የነበረው አሁን 3 በመቶ ሆኗል። ይሄ ግብሩ አለቀ ማለት አይደለም። ዓመቱ ሲዘጋ የዓመቱ ግብሯ ተሰልቶ የቀረውን ትከፍላለች። የተቀነሰባት ገንዘብ ይታሰብላታል፤ ግን ደረሰኙን ከያዘች ብቻ።  የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ሳይኖራት ሥራ የጀመረች ደግሞ ክፉኛ ትጎዳለች። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ መለያ ቁጥር ከሌለው ተከፋይ ላይ 30 በመቶ እንዲቀነስ ነበር የደነገገው። ተማሪዎቼን ከኦዲሽኑ በፊት ቲን አውጡ የምላቸው ለዚህ ነው።

ሌላው የማይታየው ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ ቀጣሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። በወር 25,000 የሚከፈለው ሰው በየወሩ 2,750 ብር ከቀጣሪው ለእርጅናው ይቀመጥለታል ማለት ነው። በአማካይ ያንኑ 25,000 የምታገኘው ተዋናይት ይሄ የላትም። በስክሪን ላይ ያደግንባቸው ሰዎች ሲታመሙ ለምን ሕዝብ ገንዘብ እንዲያዋጣ ይለመናል ብላችሁ ከገረማችሁ፣ አንዱ መልስ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው «ገንዘቡን ምን አደረገችው?» ይላል። ቢሰላ ለእርጅና የሚሆን ገንዘብ ብዙዎቹ ጋ መጀመሪያውኑ አልደረሰም። ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል። ሳቅንባቸው፣ አለቀስንባቸው፣ ከዚያ በሐሜት ሸኘናቸው።

አጎቴ ወረቀቱን አይተው «ኩንታሉን ሳይሆን የሚያደርሰውን ወር ነው መቁጠር» አሉ።

መሬቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ከባዱ። መንዝ ውስጥ መሬት ያለው፣ በሬና ጉልበት የሌለው ሰው መሬቱን በእኩል ይሰጣል። አራሹ ምርቱ ሲገባ ግማሹን ይወስዳል። ምርቱ ከበዛ የእሱም ይበዛል። የቀን ሠራተኛ ግን አጭዶ የቀኑን ተቀብሎ ይሄዳል። አውድማው ላይ ሃያ ኩንታል ይውጣ አርባ፣ እሱን አይመለከተውም።

ተዋናይቷ ያለችው በቀን ሠራተኛው ቦታ ነው።

ዩቲዩብ ላይ አንድ የቆየ የአማርኛ ፊልም ይጫንና ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ይታያል። ሰው ቁጥሩን አይቶ «ሀብታም ሆናለች» ይላል። ከዩቲዩብ የሚመጣው የማስታወቂያ ገንዘብ የሚገባው ግን ለቻናሉ ባለቤት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ለቻናሉ በአንድ ዋጋ ሸጦ ወጥቷል። ተዋናይቷ ፊልሙ ሲቀረጽ የተከፈላትን ተከፍላለች፤ ከዚያ በኋላ በሚሊዮን ይታይ በአንድ ሰው ለእሷ ልዩነት የለውም።

አጎቴ ይሄን ሲሰሙ ተቆጡ። «የሚታየው የሷ ፊት አይደል እንዴ?»

ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ ተዋናዩን፣ ዘፋኙን፣ ተወዛዋዡን «ከዋኝ» ይለዋል። የከዋኝ መብት ክዋኔው ከተቀረጸበት ዓመት በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ነገር ግን መብት በውል ይተላለፋል። ውሉ ላይ «ያለኝን ማንኛውንም መብት ለፕሮዲዩሰሩ አስተላልፌያለሁ» የሚል መስመር ካለና ከፈረመችበት፣ ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው ነገር በጣም ይጠባል። ያ መስመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አለ። አንዳንዴ ውል የሚባል ወረቀት ራሱ የለም፤ በስልክ ተነጋግረው፣ በመተማመን ነው የሚሠራው። መተማመን ደግ ነገር ነው። ሆኖም ጠብ በተነሳ ቀን ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነገር ያስፈልጋል።

አሜሪካኖቹ ጋ ይሄ የተሻለ መልክ አለው። እዚያ ድራማው ወይም ፊልሙ በድጋሚ ሲታይ ለተዋናዩ የሚከፈል ገንዘብ አለ። ከእኩል አራሽ ድርሻ ያነሰ ቢሆንም ከቀን ሠራተኛ ይሻላል። ይህን ያገኙት በማኅበር ሆነው በመደራደር ነው። በፈረንጆቹ 2023 ሳግ-አፍትራ የተባለው የተዋናዮች ማኅበር ለ118 ቀን ሥራ ያቆመው በከፊል ለዚሁ ነበር። ድራማዎች ከቴሌቪዥን ወደ ኢንተርኔት ሲዞሩ የድጋሚ ክፍያው እየሳሳ ሄደ። የተዋናዮችን ፊትና ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መቅዳትም ሌላው ጥያቄያቸው ነበር።

በዚያን ሰሞን የወጣ አንድ ቁጥር አልረሳውም። ማኅበሩ ለአባላቱ የጤና መድን የሚሰጠው በዓመት 26,470 ዶላር ከሙያው ላገኘ ሰው ነበር። ያንን መጠን ይደርስ የነበረው ከአባላቱ 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የተቀሩት አስተናጋጅ ሆነው፣ አስተምረው፣ መኪና ነድተው ይኖራሉ። እኛ በቀይ ምንጣፍ ላይ የምናያቸው ከማሳው ዳር የበቀሉ ጥቂት ዛላዎች ናቸው።

አንድ ላይ ሆኖ መደራደር ምን እንደሚያመጣ ላሳያችሁ። «ፍሬንድስ» የሚባለው የአሜሪካ ድራማ ስድስት ዋና ተዋናዮች ነበሩት፣ ሦስት ሴት ሦስት ወንድ። ለየብቻ ከመደራደር ይልቅ አንድ ላይ ሆነው ለሁላችንም እኩል ክፈሉ አሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው ለአንድ ክፍል 1 ሚሊዮን ዶላር ደረሱ። ይሄ እኛ ሀገር ደቦ የምንለው ነው። አንዷ ብቻዋን ብትጠይቅ በሌላ ትተካ ነበር።

ብቻዋን የሆነችዋ ምን እንደሚገጥማት ደግሞ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሚሼል ዊሊያምስ ምስክር ናት። በፈረንጆቹ 2017 አንድ የተጠናቀቀ ፊልም ላይ የተወሰኑ ሲኖች በድጋሚ እንዲቀረጹ ተወሰነ። እሷ ለድጋሚ ቀረጻው ከ1,000 ዶላር በታች የቀን አበል ተቀበለች። አብሯት የሠራው ማርክ ዋልበርግ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ሁለቱንም የወከላቸው አንድ ኤጀንሲ ነበር። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ዋልበርግ ገንዘቡን በስሟ ለሴቶች የሕግ ድጋፍ ለገሰው። ጥሩ አደረገ። ግን ጋዜጣው ባያወጣውስ? ስታውቅ ነው መጠየቅ የምትችለው። እኛም ጋ ተዋናዮች ስንት እንደተከፈላቸው እርስ በርስ አይነጋገሩም። እንደ ነውር ይታያል። ዝምታው ግን የሚጠቅመው ከፋዩን ብቻ ነው።

ስልክ ላይ የሚዞረው ቁጥር

የአጎቴ ልጅ ስልኳ ላይ «የእገሊት ሀብት ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር» የሚል ነገር አሳየችኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥማችሁ ሁለት ነገር ለዩ። ገቢ ማለት በዓመት የገባላት ነው። ሀብት ማለት ያላት ንብረት ሁሉ ተደምሮ ዕዳዋ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የአንድን ሰው ዕዳና የባንክ ደብተር ሳያይ ሀብቱን የሚናገር ሰው እየገመተ ነው። አንዱ የገመተውን ሌላው ይገለብጠዋል፣ ሲደጋገም እውነት ይመስላል።

በጥንቃቄ የሚሠራው እንኳ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ፎርብስ መጽሔት በፈረንጆቹ 2016 ሶፊያ ቬርጋራን በ43 ሚሊዮን ዶላር የዓመቱ ከፍተኛ ተከፋይ የቴሌቪዥን ተዋናይት ብሎ አውጥቷት ነበር። ያ ቁጥር ግብር ሳይከፈል፣ የኤጀንትና የጠበቃ ሳይቀነስ የተወሰደ ነው። ደግሞም ከምትሠራበት ድራማ ብቻ የመጣ አይደለም። ብዙው ከማስታወቂያና በስሟ ከሚሸጡ ዕቃዎች ነው። በእኛ ቋንቋ፣ ከገብሱ ይልቅ በጎቿ ናቸው ሀብታም ያደረጓት።

ቁጥሩ ውሸት ቢሆን ምን ቸገረ የሚል ይኖራል። ይቸግራል። ተዋናይቷ ሀገሯ ስትመጣ ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ላይ የምትጠየቀው በዚያ ቁጥር ልክ ነው። ካልሰጠች ኮራች ይባላል። ከሰጠች ኪራይዋን ታጣለች። ከተማሪዎቼ አንዷ ለጥምቀት ቤተሰቧ ጋ መምጣት ያቆመችው በዚህ ምክንያት ነው።

አጎቴ በሁለተኛው ማታ ሌላ ነገር አነሱ። ገንዘብ አልነበረም። «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው። በእሳቸው ልጅነት መድረክ ላይ የወጣች ሴት በክብር አትጠራም ነበር። ይሄን ማቃለል አልፈለግኩም፤ እውነት ስለሆነ። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትያትር በ1913 አካባቢ የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። ትያትር ከዚያ ተነስቶ ብዙ ዓመት እስኪሄድ ድረስ የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው። ያንን ከሰበሩት ቀዳሚ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት፤ ክራር ደርዳሪዋ፣ ዘፋኟ፣ ተዋናይቷ። በ2004 ስታርፍ ሀገር ነው ያለቀሰላት። የተሰደበችበት ሙያ ነው ያስከበራት። ለአጎቴ የነገርኳቸው ይሄን ነው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

ዕድሜም ሌላ ጣጣ ነው። መሪ ሚና የሚጻፈው በብዛት ለወጣት ሴት ነው። ስትወልድ አንድ ሁለት ሲዝን ያመልጣታል፣ ቦታዋም አይጠብቃትም። አርባን ስታልፍ የእናት፣ ከዚያ የአክስት ሚና ይመጣል፤ ክፍያውም እንደ ሚናው ይቀንሳል። እኩያዋ ወንድ ተዋናይ ግን በዚያው ዕድሜ ገና አፍቃሪ ሆኖ ይተውናል። ስለዚህ ደጉን ዓመት በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ያገኘች ልጅ ጎተራውን መሙላት ያለባት ያኔ ነው።

ከመፈረሟ በፊት

ለልጅቱ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው፤ የሚጠቅማት ሌላም ትኖራለችና።

ሥራ ለሚሰጥ ሰው ገንዘብ አይከፈልም። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ አዲስ አበባ አንድ ቦታ «ለምዝገባና ለፎቶ» ብለውኝ ከፍያለሁ። በሁለተኛው ወር ስመለስ ቢሮው ተዘግቶ አገኘሁት። ያ ገንዘብ እናቴ ቅቤ ሸጣ የሰጠችኝ ነበር። እውነተኛ ፕሮዲዩሰር ገንዘብ ይሰጥሻል እንጂ አይቀበልሽም። ኦዲሽን በቀን፣ በቢሮ፣ ሰው ባለበት ነው የሚደረገው። «እራት እንብላና እናውራበት» የሚል ሰው ስለ ሥራው አይደለም የሚያወራው። እንዲህ ካለሽ ውጪና ለሰው ንገሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ከዚያ ውሉ። በክፍል ነው ወይስ በቀን የምትከፍሉኝ? ቀረጻ ቦታ ደርሼ ዝናብ መጥቶ ቢሰረዝ ቀኑ ይታሰብልኛል? ልብስና ትራንስፖርት የማን ነው? ሁለተኛ ሲዝን ከመጣ ዋጋዬ እዚሁ ላይ ይቆማል ወይስ እንደገና እንነጋገራለን? ድራማው ለዩቲዩብ ወይም ለሌላ ጣቢያ ቢሸጥ ድርሻ አለኝ? ለመጨረሻው ጥያቄ «የለም» ቢሏት አይገርመኝም። ግን መጠየቋን እፈልጋለሁ። የሚጠይቁት ሲበዙ መልሱም መቀየሩ አይቀርም።

«ሥራዬን ልልቀቅ?» አለችኝ። አትልቀቂ አልኳት። የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ፣ ሲዝኑ ከጸደቀና ከፈረምሽ ያኔ እንነጋገራለን። የስድስት ወር የቤት ኪራይ ሳትይዝ ከቋሚ ሥራዋ የወጣች ልጅ የመጣላትን ሚና ሁሉ ለመቀበል ትገደዳለች፤ ዋጋዋም በዚያው ይወርዳል። እምቢ ማለት የምትችል ተዋናይት ናት ጥሩ የምትከፈለው።

አጎቴን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ መናኸሪያ አደረስኳቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው አውቶቡሱን ሲጠብቁ «ለገና ገበያ ሦስት ሙክት አሉኝ» አሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። «ለኪራይዋ መያዣ ይሁናት። የወረቀቱን ነገር ግን አንቺ አንብቢላት፤ እኔ ዓይኔም አያየው» አሉና ገቡ። ሁለተኛው ዙር ማክሰኞ ነው። ውሉን ከሰጧት ከመፈረሟ በፊት ይዛልኝ ትመጣለች።